የሥነ ምድር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ያልለማው የናቪዳድ የብርና የእርሳስ ክምችት

የሥነ ምድር ክበባችን በዚህ ዓመት ብዙ ማዕድናትን በጥቂት በጥቂቱ ከመዳሰስ ይልቅ አንዱን ክምችት በጥልቀት ለመመርመር ወስኖ፣ በአርጀንቲና ቹቡት ክፍለ ሀገር፣ በፓታጎኒያ ደረቅ አምባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የተገኘውን ናቪዳድን መርጧል።

ሥራውን የጀመርነው የእርሳስ ዋና ማዕድን ከሆነው ከጋሌና ነው። አባላት ጓንት አድርገው ናሙናውን በአየርና በውኃ ውስጥ መዝነው እፍጋቱን አሰሉ፤ ጋሌና ከውኃ ወደ 7.5 እጥፍ፣ ከኳርትዝም ወደ ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ዚንክ የሚገኝበትን ስፋለሪትንም አጥንተናል፤ በናቪዳድ ግን ዚንክ ከእርሳስ ያነሰ ድርሻ አለው።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደብን የክምችቱ አፈጣጠር ነበር፤ ተገቢም ነው። በጁራሲክ ዘመን (ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) አካባቢው በሐይቆቹ ውስጥ ጥቁር ጭቃና የኖራ ድንጋይ የሚከማችበት፣ በየጊዜውም ላቫ የሚፈስበት ተፋሰስ ነበር። ከጥልቀት የተነሣ ትኩስና ጨዋማ ውኃ ብረታ ብረትን አሟሙቶ በስንጥቆች ሽቅብ ወጣ፤ ወደ ገጸ ምድር ሲቃረብ እየቀዘቀዘ፣ እየፈላ ወይም ከሌላ ውኃ ጋር እየተቀላቀለ የመሸከም አቅሙን ሲያጣ፣ ጋሌናን፣ ካልሳይትን (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን) እና ባራይትን (ባሪየም ያለበት ከባድ ማዕድን) በተሰባበረው ላቫ ክፍተቶች ውስጥ አስቀረ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባል «ጋሌና ሂል» የተባለው የክምችቱ ክፍል በእርሳስ ሲበለጽግ «ሎማ ዴ ላ ፕላታ» ለምን በብር በለጸገ ብላ ጠየቀች፤ በእኔ ግምት የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው። እርሳስ በአብዛኛው ከክሎራይድ (በጨው ውስጥ ከሚገኘው ክሎሪን) ጋር ተጣምሮ ሲጓዝ፣ ብር ግን ከክሎራይድም ከሰልፈርም ጋር ተጣምሮ ሊጓዝ ስለሚችል፣ ከአንድ ምንጭ ተነሥተው በተለያየ ቦታ ሊቀሩ እንደሚችሉ በውይይት ደረስንበት።

በይፋ የተገለጸው ግምት 155 ሚሊዮን ቶን ያህል አለት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቶን በአማካይ ወደ 127 ግራም ብር ይዟል፤ ድምሩ ከ630 ሚሊዮን ትሮይ አውንስ (አንዱ 31.1 ግራም ያህል ነው) ይበልጣል። አባላት ስሌቱን ራሳቸው ሠርተው አረጋግጠዋል። ይህን ያህል ብር መኖሩ ግን ለማውጣት በቂ ምክንያት አይደለም፤ አዋጭነቱ፣ የውኃ አቅርቦቱና ሕጉ አብረው ይመዘናሉ። ቹቡት እ.ኤ.አ. በ2003 ክፍት ጉድጓድ ማዕድን ማውጣትንና ሳያናይድ በተባለው መርዛማ ኬሚካል መጠቀምን በሕግ ከልክላለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ክልከላውን የሚያላላ ሕግ ቢወጣም፣ ከብርቱ ሕዝባዊ ተቃውሞ በኋላ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ተሽሯል። ክርክራችን በዚህ ላይ ጠንክሮ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ ይዘው መናገራቸው አስደስቶኛል።

በመጪው ዓመት ክበቡ በሰልፋይድ አለት (ብረታ ብረት ከሰልፈር ጋር የተጣመረበት አለት) ላይ ውኃና አየር ሲደርሱ የሚፈጠረውን የአሲድ ኃይል ካልሳይት ምን ያህል እንደሚቀንስ በሙከራ ይመረምራል።