ስለ ልጅሽና ስለ ሰልፉ

የኔ ውድ፣

እንዴት ከርመሻል? ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጻጻፍ! ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን እንተወው፤ ተካክለናል። ልጅሽ ዩኒቨርሲቲዋ ግቢ ውስጥ ሰልፍ መውጣቷን በደብዳቤሽ ሳነብ ሳቄ መጣ። የማን ልጅ ሆና!

ሰልፉን እንዳልጠላሽው ገብቶኛል። የከነከነሽ መንገድ ዘግተው ሌሎቹን ተማሪዎች ሲሰድቡ ማየትሽ ነው። እኔን ወዲያው ትዝ ያለኝ ስድስት ኪሎ ነው። በእኛ ጊዜ አይደለም፣ በታላላቆቻችን።

የካቲት 1957ን ታውቂያለሽ። ተማሪዎቹ «መሬት ላራሹ» እያሉ ፓርላማ ድረስ ሄዱ። ይህን ሁሉም ያወራዋል። የመጋቢት 1960ውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። የሚያኮራ ስላልሆነ ይመስለኛል። ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ፤ ሴት ተማሪዎች ልብስ ሊያሳዩ ነው። የሚቃወሙት ተማሪዎች ደግሞ ይህ ሁሉ ሚኒስከርት ለድሃ አገር ምን ያደርጋል፣ የፈረንጅ ባህል ሊጭኑብን ነው አሉ። እሺ፣ ይበሉ። ወረቀት ቢበትኑ፣ በር ላይ ቆመው እስኪነጋ ቢጮኹ ማን ይከለክላቸዋል? እነሱ ግን ወደ አዳራሹ የሚገባውን ሰደቡ፣ ገፈተሩ፣ እንቁላል ወረወሩበት። ሴቶቹ ላይም እጃቸውን አነሱ።

እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። መሬት ላራሹ ሲሉ የተጋፈጡት ባለሥልጣኑን ነበር። እዚህ ግን ዱላው ያረፈው አብራቸው በምትማር ልጅ ላይ ነው። ያውም በዚያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ጥቂት ነበሩ። ንጉሡን ነፃነት የሚጠይቅ ሰው የክፍል ጓደኛውን ልብስ ሊመርጥላት ሲነሳ ምን ይባላል? ከዚያማ ፖሊስ ገባ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ለመንግሥት ሰበቡን በእጁ አቀበሉት።

ግን ደግሞ ሁሉን በተማሪው ላይ አልደፈድፍም። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በማግስቱ ወታደር ግቢ ገብቶ ለአስከሬኑ የተሰበሰቡትን ተማሪዎች ተኮሰባቸው። ያንን የትኛውም ጨዋነት አያስቀረውም ነበር። ስለዚህ ባለሥልጣን «ተከባበሩ» ሲል ጆሮዬን አቆማለሁ። ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ዝም እንድንል ነው።

በተማሪና በተማሪ መካከል ሲሆን ግን ሌላ ነው። በ2012 ስንቱ ልጅ በብሔሩ ፈርቶ ሻንጣውን ይዞ ከዩኒቨርሲቲ ቤቱ እንደገባ ሰምተሻል። እንዲህ ያለው ነገር የሚጀምረው በስድብና በማስፈራራት ነው።

ለልጅሽ የምልላት ይህን ነው። ድምፅሽ እስኪዘጋ ጩኺ። የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት በፖስተር ብታብጠለጥይውም ግድ የለም፣ ደሞዙ ውስጥ ተካቷል። በሩን ግን ክፈቺ፣ ክፍል የሚገባው ይግባ። አንድን ተማሪ ነጥላችሁ በሃይማኖቱ ወይም በዘሩ አታሳዱት። ከእናንተ የማይስማማ ጠረጴዛ ዘርግቶ ቢቆምም ጠረጴዛውን አትገልብጡ።

በነገራችን ላይ፣ አንቺ ራስሽ ሰልፍ ላይ ድምፅ ማጉያ ቀምተሽ የተናገርሽውን ለልጅሽ ነግረሻታል ወይስ ደብቀሻል? እኔ ልንገራት እንዴ? ቁጥሯን ላኪልኝና ራሴ ልደውልላት።

ያንቺው