መዳቡ ለምን ከላይ መጣ?

ወዳጄ፣ እንደምን ከረምክ? ጠፋፍተን ቆየን፤ በጣም ናፍቀኸኛል። የመጨረሻ ደብዳቤህን ሰሞኑን ደግሜ አነበብኩት። "ቆፍረን ባወጣነው ናሙና መዳቡ ከላይ፣ ዚንኩ ከታች መጣብኝ፤ የተማርነው ግን ተቃራኒውን ነው" ብለህ ነበር። ጥያቄህ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

እስቲ ከባሕር ወለል እንነሳ። እሳተ ገሞራ ባለበት ቦታ የባሕር ውሃ በስንጥቅ ይሰርጋል፤ ከሥር ያለው ማግማ፣ ማለትም የቀለጠ አለት፣ ያግለዋል። የጋለው ውሃ ከአለቱ መዳብ፣ ዚንክና ብረት አጥቦ ይመለሳል። በ1979 ተመራማሪዎች አልቪን በምትባለው ጠላቂ መርከብ ምሥራቅ ፓስፊክ ወርደው በዓይናቸው አዩት፦ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሆነ ውሃ እንደ ጥቁር ጭስ ይንቦለቦላል። ጥቁሩ ነገር ውሃው ከቀዝቃዛው ባሕር ሲገናኝ የሚረጋው የሰልፋይድ፣ ማለትም ብረታ ብረት ከድኝ ጋር የተጣመረበት ማዕድን፣ ደቃቅ ነው። ይህ እየተጠራቀመ ወለሉ ላይ ክምር ይሠራል።

መዳብ በብዛት ሟሙቶ ለመጓዝ ከ300 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት ይፈልጋል። ዚንክና እርሳስ ከዚያ በታችም ይጓዛሉ። ስለዚህ ክምሩ መጀመሪያ በእነሱ ይገነባል። በኋላ የበለጠ የጋለ ውሃ ሲመጣ ዚንኩን ያሟሟውና ወደ ላይና ወደ ዳር ይገፋዋል፤ በቦታው መዳብ ይተክላል። ክምሩ ከውስጥ እንደገና ይሠራል ማለት ነው! ከዚህ ሙያ እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። አትላንቲክ ወለል ላይ ያለው የታግ ክምር በ1994 ሲቆፈር ዚንኩ የተገኘው ከላይኛዎቹ ጥቂት ሜትሮች ነው፤ ውስጡ በአብዛኛው ፒራይት፣ ማለትም የብረትና የድኝ ማዕድን፣ ነበር። ሙቀቱ ለረጅም ጊዜ ከቆየ እነዚንክና መዳብ ተጠርገው ይሄዳሉ።

ያንተ ናሙና እንግዲህ ሕጉን የጣሰ አይመስለኝም። ንብርብሩ ተገልብጦ ይሆናል። ካናዳ ያለው ኪድ ክሪክ የተባለው የመዳብና የዚንክ ክምችት 2.7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ የጥንቱ ባሕር ወለል እዚያ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በእንዲህ ያለ ቦታ "ከላይ" ማለት አሁን ወደ ሰማይ ያለው ወገን አይደለም።

አንድ ነገር እይልኝ። ከመዳቡ በላይ ያለው አለት በክሎራይት፣ ማለትም የጋለ ውሃ አለቱን ሲለውጠው በሚፈጠረው ማዕድን፣ አረንጓዴ ሆኗል? ቀጫጭን የመዳብ ሥሮችስ ተጠላልፈውበታል? እንደዚያ ከሆነ የጋለው ውሃ የወጣው በዚያ በኩል ነው፤ ክምሩም ተገልብጧል። አለቱ ካልተለወጠ ግን ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን፤ ምናልባት ስንጥቅ ቆርጦ አንዱን ክፍል በሌላው ላይ ገፍቶት ይሆናል። የናሙናውን ፎቶ ላክልኝና አብረን እንየው።

ያንተው