ለአባባ ጥበቃው እና 15 ዓመት ለታገሰኝ ግቢ

ሰላም ጀመዓ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ከተለቀቀ ጀምሮ ለደወላችሁልኝ፣ ቤት ድረስ መጥታችሁ ለመረቃችሁኝ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ፣ ለሁሉም መመለስ ስላቃተኝ ነው እዚህ ምጽፈው። ከ600 421 መጣልኝ። በ2016 በአገር ደረጃ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 5.4 ከመቶ ብቻ ነው ሲባል እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው፣ እኔ ግን ወላሂ ትዝ ያለኝ አንድ ማዳበሪያ ነው።

እኔ ከነርሰሪ እስከ 12 ደሴ ውስጥ አንድ ግቢ ነው የተማርኩት። 2002 ላይ በአራት ዓመቴ ገባሁ፣ 2016 ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያ ቀን የግቢውን ብረት በር በሁለት እጄ አንቄ አልገባም ብዬ ስጮህ እማዬም ሚስም አቃታቸው፣ አባባ ጥበቃው ከኮታቸው ኪስ ቆሎ አውጥተው እንኪ አሉኝ፣ ለመቀበል እጄን ስዘረጋ በሩን ለቀቅኩ፣ በቃ ገባሁ። ያን ቀን የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ግቢውን ስለሞላው ከበሩ ክፍሉ አይታይም ነበር፣ ደወሉ ብቻ ነው የሚሰማው (ደወል ስላችሁ የመኪና ቸርኬ ነው)።

አንድ ትምህርት ቤት ማደግ ጣጣም አለው እሺ። 11ኛ ክፍል ደርሰሽ ትልቅ ሰው ሆንኩ ስትዪ የኬጂዋ ሚስ ጓደኞችሽ ፊት "ይቺ እኮ በእንቅልፍ ሰዓት ፍራሽ ምታርሰዋ ናት" ትላለች። ሚስ ይቅር ብዬሻለሁ፣ አንቺ እያልኩ ስለለመደብኝ ደግሞ አይክፋሽ፣ ሀ ሁ ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ። ለ15 ዓመት የወንበር ጓደኛዬም፣ ረመዳን ሲሆን ምሳ እቃሽን ይዘሽ ከኔ ርቀሽ ለበላሽው፣ በሁዳዴ እኔ እንቁላል ፍርፍር ስከፍት ደግሞ አፍንጫሽን ይዘሽ ለሳቅሽው፣ እወድሻለሁ።

8ኛ ላይ ኮሮና መጣ፣ መጋቢት 2012 ላይ ተዘግቷል ስንባል ለ15 ቀን መስሎን ጨፍረን ነው የወጣነው፣ ምናምን። ዋናው 10ኛ ክፍል ነው። 2014 ሲገባ ክፍሎቻችን ውስጥ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ሰዎች አርፈው ነበር፣ እኛ ሽሮና ብርድ ልብስ እየሰበሰብን ስናመላልስ እኛም በተራችን ተፈናቃይ እንሆናለን ብሎ ያሰበ የለም፣ በጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ በአይሱዙ ላይ ተጭነን አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ገባን። ህዳር 27 ከተማው ተለቀቀ ተባለ፣ ታህሳስ ላይ ተመለስን። የአባቴ ሱቅ መደርደሪያው እንኳ አልቀረም። ትምህርት ቤት ስሄድ ኮምፒውተር የለም፣ ወንበሩ ማገዶ ሆኗል፣ ሪከርድ ኦፊስ ወለሉ በተቀደደ ወረቀት ተሞልቷል። እዛ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ምክንያቱም ከሌላ ቦታ የመጡት ልጆች ቢያንስ የድሮ ትራንስክሪፕታቸው ሌላ ቦታ ይገኛል፣ እኔ ግን ከዚህ ክፍል ውጪ የተማርኩበት ማስረጃ የትም የለኝም።

ከሶስት ቀን በኋላ አባባ ከሰል የተሞላ ማዳበሪያ ተሸክመው መጡ። ዳይሬክተሩ ፊት ዘረገፉት፣ ከላይ ከሰል፣ ከስር የተማሪ ሮስተር፣ የውጤት መዝገቡ። ከተማው ሊያዝ ሲል ማታ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ወስደው ቤታቸው ከምጣዱ ጀርባ አስቀምጠውት ነበር። አባባ ማንበብ አይችሉም፣ የትኛው እንደሚፈለግ ስላላወቁ ትልቅ ትልቁን መዝገብ ነው የሰበሰቡት፣ አንዱ እንደውም የጠመኔ መመዝገቢያ ሆኖ ተገኘና እዛው እንባችን ሳይደርቅ ሳቅን። ለምን ይሄን ሲባሉ "ወንበርማ አናጢ ይሰራዋል፣ ይሄን ማን ይሰራዋል" ነው ያሉት።

ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ የብዙ ሰው ውለታ ነው። ሱቃችን እስኪቆም ድረስ ስድስት ወር ክፍያ ያልጠየቁን ዳይሬክተር፣ አባቴ ሊያመሰግንዎት ሲሞክር ድምፁ እየጠፋበት ነው፣ እኔ ልበልለት፣ አመሰግናለሁ። የሂሳቡ ቲቸር፣ 12ኛ ላይ ዳታ ተዘግቶ የድሮ ፈተና ማውረድ ሲያቅተን በፍላሽ ከየትም ፈልገው እያመጡ በራሳቸው ብር ኮፒ ሲያረጉልን ነበር፣ ሐምሌ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስንፈተን ከነዛ ወረቀቶች ጋር የሚመሳሰል ጥያቄ ባየሁ ቁጥር ቲቸርን በሆዴ እመርቅ ነበር። እማዬ፣ ፈተናው ሳይጀመር ያለቀው ዳቦ ቆሎ የዶርም ሰዎችም አመስግኑልን ብለዋል።

ባለፈው ሳምንት ትራንስክሪፕቴን ላወጣ ሄጄ የ2013ን ሮስተር ሲገልጡት አየሁት፣ ጠርዙ በከሰል ጠቁሯል፣ የ9ኛ ክፍል ውጤቴ አጠገብ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ ትልቅ፣ ጥቁር። የሪከርድ ኦፊሷ ልጅ በላጲስ ላጥፋው እንዴ ስትል ኧረ ተይው አልኳት።

አባባ፣ አንቱ ይሄን እንደማያዩት አውቃለሁ፣ ልጅዎ እንድታነብልዎት ልኬላታለሁ። ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ቡናና ቆሎ ይዘን ቤትዎ እንመጣለን፣ ሁለት ሰዓት እንደርሳለን ብላለች እማዬ፣ ግን እኔን ያውቁኛል፣ ባረፍድም በሩን እንዳይዘጉብኝ።