የአሥር ወር ሥራ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይህቺን ብቻ ጽፌ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ አልኩ። በዚህ ወር እዚህ ሻይ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ውርጩ ጀምሯል።

ለእናትሽ ለቅሶ አልደረስኩም። ማረፋቸውን የሰማሁት ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ዛሬ ነገ ስል፣ በስልክ "እግዜር ያጽናሽ" ማለቱ እያሳፈረኝ፣ ዓመት ሊሞላ ነው። ምክንያት አልደረድርም። ይቅር በይኝ። እማማ በእጃቸው ያጎረሱኝን ቆጥሬ አልጨርሰውም። የቀረውን ፊት ለፊት እነግርሻለሁ፤ ወረቀት ላይ አልወጣልሽ አለኝ።

አሁን የጻፍኩልሽ ግን ጨንቆኝ ነው።

ሁለት ሥራ በአንድ ሳምንት መጣልኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር እኔ እያነበብኩልሽ አንቺ ስትጽፊ (ቁመትሽ ለላይኛው ወረቀት አልደርስ ብሎ!) አንዲት እንኳ ጠፍታ የነበረችው፣ ዛሬ ሁለት ሆና መጣች። አንደኛው ፋብሪካ ነው፤ ንብረት ክፍል፣ የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገብ። ቋሚ ነው። ደመወዙ 8,400 ብር፣ ሰርቪስ አለው። ሁለተኛው መንዝ ነው፤ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ፕሮጀክት ላይ መረጃ ሰብሳቢ። 16,500 ብር፣ የአሥር ወር ኮንትራት። "ከአሥር ወር በኋላስ?" ብዬ ብጠይቅ ሰውዬው "እንደ በጀቱ" አለኝ። ይህቺን ቃል አንቺ ታውቂያታለሽ። ሦስት ጊዜ ፈርመሽባታል።

ማታ ማታ ደብተር ይዤ እደምራለሁ። የመንዙ በአሥር ወር 165,000 ብር ነው፣ ግብሩም ጡረታውም ሳይነሳለት። ለፋብሪካው ደመወዝ ሳካፍለው አሥራ ዘጠኝ ወር ተኩል ይወጣዋል። እንግዲያው ኮንትራቱ አልቆ ዘጠኝ ወር ሥራ ብፈታ እንኳ እኩል ነኝ እልና ደስ ይለኛል። ከዚያ እማዬ መብራቱን አጥፊ ትለኛለች። ጨለማው ውስጥ ደግሞ ያ ቤት የዋልኩበት ክረምት ይመጣብኛል፣ ሰኔን ከሐምሌ መለየት አቅቶኝ የከረምኩበት። ያኔ ዘጠኝ ወር የሚባለው እንደ ደብተሩ ቀላል አይሆንልኝም።

ጡረታውንም አየሁት። ከ8,400 ብር 7 በመቶ፣ ማለት 588 ብር ከእኔ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ፣ 924 ብር ይጨምርልኛል። የመንዙ ውል ላይም ጡረታ ተጽፏል። ግን የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ አሥር ወር አሥር ወር እየለቀምኩ መቼ 10 ዓመት ልሞላ ነው?

እማዬማ ቃሏ አንድ ነው፤ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።" እማ፣ ሁለቱም ቆጥ ላይ ናቸው፣ ብብቴ ውስጥ ምንም የለም ብላት አትሰማኝም። ፍርሃቷ ግን ልክ ነው። አምና ወንድሜ ገንዘብ ያዥ ሊሆን ተፈትኖ አልፎ፣ ዋስ አምጣ ተባለ። ከዘመድ አዝማድ ቋሚ ሥራ ያለው፣ ደመወዙን በደብዳቤ የሚያጽፍ አንድ ሰው ጠፍቶ ሥራው ለሌላ ሄደ። እማዬ ያን ቀን ምንም አልተናገረችም፤ ቡና አፍልታ ብቻዋን ጠጣች። ቋሚ ስትል ዋስ የሚሆነን ሰው ከቤታችን ይውጣ ማለቷ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ሕግ ተምሯል። አዋጅ 1156/2011ን ስልኩ ላይ ከፍቶ አነበበልኝ፤ ቋሚ የሚባለውም እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ የሙከራ ጊዜ ሊኖረው ይችላል። በዚያ ውስጥ ለሥራው አትሆኚም ካሉኝ ማስጠንቀቂያም የሥራ ስንብት ክፍያም የለም። ለእማዬ ስነግራት "አንቺን ማን ይጠላል" ብላ ዘጋችው።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ? ልቤ መንዝ ነው።

በአራተኛ ዓመት ለልምምድ መንዝ፣ ሞላሌ የወጣን ጊዜ፣ አንቺ ጋቢ በጋቢ ደርበሽ ከምድጃው አልነሳም ያልሽበት ጠዋት፣ እኔ ከግልገሉ ጋር ነበርኩ። በጨርቅ አዝለን ሚዛኑ ላይ ስንሰቅለው ገና እርጥብ ነበር፤ 2.3 ኪሎ። ባለቤቲቱ በጎቻቸውን ሁሉ በዘር ያውቋቸው ነበር። "ይቺ የዳለቻዋ ልጅ ናት፣ እናቷ መንታ ትወልድልኝ ነበር" ይሉናል። ያንን የሚያምረውን ጠቦታቸውን ግን ለፋሲካ ሸጡት። ምን ያድርጉ፣ የልጅ ደብተር አለ፣ ማዳበሪያ አለ። ፈጥኖ ያደገው ፈጥኖ ገበያ ይወጣል፤ ለዘር የሚቀረው የኮሰሰው ነው። እንዲህ በየበዓሉ ደህና ደህናው እየተሸጠ መንጋው ከዓመት ዓመት ያንሳል። የፕሮጀክቱ ሥራ ይህን መመለስ ነው። ግልገሉ ሲወለድ፣ ጡት ሲጥል፣ በስድስት ወሩ፣ በዓመቱ ይመዘናል፤ እናቱና አባቱ ይጻፋሉ። ከዚያ መንደሩ ተሰብስቦ መዝገቡን አይቶ ይህ አውራ አይሸጥም፣ ለሁላችንም ይቆይ ይላል። እነዚያ እናት በቃል የያዙትን እኔ በመዝገብ ልይዝላቸው ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፌ ይጠፋል፣ በደስታ።

ግን ስሚኝ። በግ አምስት ወር ታረግዛለች። እኔ ሥራ በገባሁበት ሳምንት የተፀነሰ ግልገል በአምስተኛው ወሬ ይወለዳል። ኮንትራቴ ሲያልቅ ገና አምስት ወሩ ነው። የስድስት ወሩን ሚዛን ሌላ ሰው ይመዝነዋል፣ ወይም ማንም አይመዝነውም። ደግሞ ከጣርማበር ወደ መንዝ የሚወጣው መንገድ የተዘጋ ቀን መጀመሪያ የሚቀነሰው ማን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

ሌላም አለ። እንዴት እንደምጽፈው እንጃ። ያንቺ ሦስተኛው ውል ያልታደሰ ጊዜ፣ ጠባሴ ታክሲ ስንጠብቅ፣ "መጀመሪያውኑ ቋሚውን ብትይዢ ኖሮ" አልኩሽ። አንቺ ዝም አልሽ። ያቺ ዝምታሽ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ለቅሶሽ እንዳልመጣ እግሬን ካሰሩት አንዷ እሷ ናት፤ በምን ዓይኔ ልይሽ ብዬ። አሁን እኔው እዚያው ቦታ ቆሜ ሳየው፣ የምትወጂውን ሥራ ነበር የመረጥሽው። ያኔ አልገባኝም ነበር።

እንግዲህ ሳታባብይ ንገሪኝ። ዛሬ የመጀመሪያው ውል ቢቀርብልሽ ትፈርሚ ነበር? መጨረሻውን እያወቅሽ? ያ ባዶ ክረምት እያለበት? ፈርሚ ካልሽኝ እፈርማለሁ አልልሽም፤ ያንቺን ሳልሰማ ግን እጄ እሺ አይለኝም። ሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት ለሁለቱም መልስ እሰጣለሁ። እስከ እሑድ ማታ ደውዪ፣ ቁጥሬ ያው ነው። ስልክሽን ሳይ አፌ ከተሳሰረ ዝም ብለሽ ጠብቂኝ፤ ማልቀሴ ይሆናል።

የእማማ ሙት ዓመት ኅዳር ላይ ነው አይደል? ቀኑን ላኪልኝ። ሞላሌም ብሆን ጋራውን ወርጄ፣ ፋብሪካም ብሆን አስፈቅጄ እመጣለሁ። ባይፈቅዱልኝም እመጣለሁ። እንጀራውን እኔ እጋግራለሁ፣ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ።

ያንቺው
የሰሌዳው አንባቢ