ያንተ ሚግ እና የእኔ ኤፍ-5 በአንድ ጣሪያ ሥር

አዳማ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጌታሁን፣
ሐዋሳ።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ከአራት ዓመት በላይ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ መቆየቴን፣ ይልቁንም በእህቴ በአልማዝ ለቅሶ ላይ ሳልቆም መቅረቴን በዚህ ደብዳቤ ላስተባብለው አልሞክርም። ያን ጊዜ አሜሪካ ልጄ ዘንድ ነበርኩ፤ ይሁን እንጂ ከዚያም ስልክ ይደወላልና ምክንያት አይሆነኝም። እያፈርኩ ስቆይ ጊዜው ረዘመ፤ ጊዜው ሲረዝም ደግሞ እፍረቱ ባሰ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ባለፈው ግንቦት ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ልጄ ሄጄ ሳለሁ ያየሁት ነገር ነው። ለጎረቤቶቼ ባወራው ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ የሚገባህ አንተ ነህ።

ልጄ የሚኖረው ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ በምትባል ከተማ ነው። ከዚያ ተነሥተን ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ዴይተን ደረስን። ዴይተን የራይት ወንድማማቾች አገር ናት፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ብሔራዊ ሙዚየምም እዚያው በራይት ፓተርሰን የጦር ሰፈር ይገኛል። መግቢያው በነፃ ነው ሲሉኝ ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር። አራት ግዙፍ ሀንጋሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ከ350 በላይ አውሮፕላኖችና ሚሳኤሎች ተደርድረው ሳይ ግን ሁለታችን አውሮፕላን ስንጠግን የኖርንበት የአየር ኃይል ሰፈር፣ የእኛ ሐረር ሜዳ፣ እንዳለ አንዱ ጥግ ላይ ሊጠፋ እንደሚችል ገባኝ። መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ስፋቱ ሳይሆን ሽታው ነው፤ ምንም አይሸትም። ነዳጅ የለ፣ ሃይድሮሊክ ዘይት የለ፣ የተቃጠለ ጎማ የለ። ያ ሁሉ አውሮፕላን ቆሞ አየሩ እንደ ባንክ ቤት ንጹሕ ሲሆን፣ አንድ ነገር የተደበቀብኝ መሰለኝ።

ሁሉን ልዘርዝርልህ ብል ወረቀቱ አይበቃም። እንደ ነጭ ሽመላ አንገቱን ያሰገገው ቫልኪሪ የሚባል ቦምብ ጣይ አለ፤ ሁለት ብቻ ተሠርተው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ወደቀ በዓለም ላይ የቀረው እርሱ ብቻ ነው። ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለው ቦክስካርም እንደ መስታወት ተወልውሎ ቆሟል። ልጆች ሥሩ እየሳቁ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ እኔ ግን እዚያ ብዙ መቆም አልቻልኩም። የኮርያውን አዳራሽ፣ የቃኘው ሻለቃ ሰዎቻችንን እያሰብኩ፣ ፈጠን ብዬ አለፍኩት።

ረዥም ጊዜ ያቆየኝ የፕሬዚዳንቶቹ አውሮፕላኖች ያሉበት ሀንጋር ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1963 የኬኔዲን አስከሬን ከዳላስ ወደ ዋሺንግተን ያመጣው አውሮፕላን እዚያ አለና፣ ጠባብ በሆነው መተላለፊያው ውስጥ ጎንህን እያሻሸህ ታልፋለህ። ጃንሆይ በዚያ ዓመት በጥቅምት ኬኔዲን በእንግድነት ጎብኝተው፣ በሚቀጥለው ወር ለቀብሩ ተመልሰው መሄዳቸው ትዝ አለኝ። ሬሳ ሣጥኑ ከጭነት ጋር እንዳይሄድ ሲሉ ሠራተኞቹ ከኋላ በኩል ወንበሮችን ነቅለው፣ መከፋፈያ ግድግዳውንም ቆርጠው ቦታ አዘጋጅተውለታል። ሌላው ጎብኚ እዚያ ሲደርስ ስለ ፕሬዚዳንቱ ያስባል። እኔ ያሰብኩት በዚያች ሰዓት መጋዝ ስለ ያዘው ሰው ነው፤ ያ ሁሉ ሹም እየጠበቀው፣ መዋቅሩን እንዳይጎዳ እየተጠነቀቀ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ የቆረጠው ማን ይሆን?

ከዚያ ወደ ቬትናም ጦርነት አዳራሽ ገባሁ፤ አንድ ኤፍ-5፣ ያ የአሜሪካ ተዋጊ ጄት፣ ቆሟል። ለሙከራ ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው እንጂ እኛ የጠገንነው ዓይነት አይደለም፤ ዳሩ ግን ቀጭኑ አፍንጫ ያው ነው፣ ሁለቱ መድፎች ያው ናቸው፣ ክንፉም እኔን የመሰለ አጭር ሰው ያለ መሰላል የሚደርስበት ያው ዝቅተኛ ክንፍ ነው። እጄ ሳላዝዘው ተዘረጋ። ልጄ «አባዬ፣ መንካት ክልክል ነው» ብሎ ክንዴን ያዘኝ። ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ወጣት ሳለሁ ጀምሮ ሥሩ ተኝቼ ያደርኩበትን ነገር አትንካ ስባል መሳቅ ይሁን ማልቀስ የሚገባኝ ጠፋኝ።

ዞር ስል፣ በዚያው አዳራሽ፣ ያንተ ሚግ-21 ቆሟል።

በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ሲገባ ሚግ-21 ለእኛ የጠላት ስም እንደ ነበረ ታስታውሳለህ። አብራሪዎቻችን በኤፍ-5 ወጥተው፣ ጥለውት ሲመለሱ በማኮብኮቢያው ዳር እየዘለልን እንቀበላቸው ነበር። አሜሪካኖች ግን ጦርነቱ ሳይጀመር መለዋወጫ አቁመው ነበርና፣ እኛም ከአንዱ ፈትተን ለሌላው መግጠም ያዝን። ሶቪየቶች መጡ፣ ያው የጠላት አውሮፕላን የእኛ ሆነ፣ አንተም ሩሲያኛ ተምረህ የእርሱ ሰው ሆንክ። ከዚያ ወዲያ ክርክራችን መች አባርቶ ያውቃል? እኔ «ሁለት ሞተር ያለው አንዱ ቢጠፋ በሌላው ቤቱ ይገባል» ስል፣ አንተ «ሁለት ሞተር ማለት ሁለት ራስ ምታት ነው» ትለኝ ነበር። ሞተሩን ለማውጣት የሁለቱም ጅራት ከወገቡ መፈታት እንዳለበት እያወቅን፣ ይህን ግን ሁለታችንም በክርክር መካከል አንሥተነው አናውቅም።

በዴይተን ያለው ሚግ-21 ፒኤፍ የተባለው ቀደም ያለው ዓይነት ነው፤ እናንተ የሠራችሁበት ከዚያ በኋላ የወጣ ነው። መድፍ የለውም፣ ተማምኖ የሚወጣው በሚሳኤሉ ነው። ይህን ሳይ፣ አልደብቅህም፣ ደስ አለኝ፤ «አየህ?» ልልህ ዞር ብዬ ነበር። ነገር ግን ከጎኑ ብዙ ስቆይ ሌላ ነገር ታየኝ። ከ10,000 በላይ የተሠራው በከንቱ አይደለም፤ ጌጥ የሚባል ነገር የለበትም፣ ለጭቃና ለብርድ፣ ለደከመው ሠራተኛም ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ኤፍ-5 ይበልጣል የምለውን አልተውኩም። ሚግ-21 ቆርቆሮ ነው ያልኩህን ግን መልሼ ወስጄዋለሁ፤ ይህን በጽሑፍ ስለ ሰጠሁህ ለልጆችህ ልታሳያቸው ትችላለህ።

ከፊታቸው የተተከለው ጽሑፍ ፍጥነታቸውንና የሞተራቸውን ጉልበት ይናገራል፤ የብዙዎቹን አብራሪ ስምም ታገኛለህ። በ1983 ስንበተን አንተ ወደ ሐዋሳ፣ እኔ ወደ ናዝሬት ይዘነው የሄድነው እውቀት፣ የትኛው ቡሎን በግራ እጅ ካልሆነ እንደማይደረስ፣ የትኛው ክዳን ሲከፈት ጣት እንደሚልጥ፣ በየትኛውም አዳራሽ ተጽፎ አላገኘሁትም። ዛሬ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ በተራራው ላይ የሚዞሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ሳይ እንኳ፣ የማን እጅ እንደሚቀባቸው ሳላስብ አልቀርም።

ፎቶግራፎቹን አሳጥቤአለሁ፤ ከጥምቀት በኋላ ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ፣ ከአልማዝ መቃብርም ታደርሰኛለህ። እስከዚያ ግን አንድ ነገር ጻፍልኝ። በሚጉ አፍንጫ ጎንና ጎን፣ ከአየር መሳቢያው ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንንሽ በሮች አሉ። ልጄ ለምን እንደሆኑ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ። አንተ አንድ ሌሊት ተረኛ ሆነን ሳለ ለምን እንደሚከፈቱ ቁጭ ብለህ አስረድተኸኝ ነበር፤ እኔ ግን እየሳቅሁብህ አልሰማሁህም።

ወንድምህ
መኮንን