ስልክ ከተሰረቀ መጀመሪያ ሲሙን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በደሴ ሰኞ ገበያ ግፊያ ውስጥ ስልኩ የተወሰደበት ሰው ብዙውን ጊዜ የሰው ስልክ ለምኖ ወደ ራሱ ቁጥር ደጋግሞ ይደውላል። ሌባው ግን ሲም ካርዱን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ከከተተው ባንክና ቴሌግራም የሚልኩት የማረጋገጫ መልእክት ሁሉ ለእሱ ይደርሰዋል፤ ቀፎው በጣት አሻራ መቆለፉ ለዚህ አይረዳም። ስለዚህ መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ ሲሙን ማዘጋት፣ ወዲያው ቴሌብርን በ127፣ የንግድ ባንክ ሒሳብን በ951 ማሳገድ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ከዚያ በኋላ ይደረሳል። ቴሌግራምን ከተሰረቀው ስልክ ላይ መዝጋት ግን ቀድሞ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካልተከፈተ ያስቸግራል፤ አዲስ የገባ ስልክ የተሰረቀውን ለማስወጣት 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት።

ለፖሊስ «ጥቁር ሳምሰንግ ነው» ማለት ብዙም አይጠቅምም። የሚፈለገው ባለ15 አሃዙ የቀፎ መለያ ቁጥር ነው፤ *#06# ሲጻፍ ይወጣል፣ ካርቶኑ ላይም አለ። ባለሁለት ሲም ቀፎ ሁለት ቁጥር ስላለው ሁለቱንም ዛሬውኑ ወረቀት ላይ መገልበጥ ነው (ፎቶ አንስቶ እዚያው ስልክ ውስጥ የሚያስቀምጥም አለ!)። የሲም ፒኑንም (የሲም ካርዱን የሚስጥር ቁጥር) ማብራት ነው፤ ሌላ ቀፎ ውስጥ ሲገባ ይጠየቃል፣ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ይቆለፋል።

የሞባይል ጥገና ባለሙያዎች፣ ከደሴ