ሌዘሩ የፕሮጀክተሩን ሌንስ እንዳይመታ

ሰላም ለናንተ ይሁን የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች። እኔ ደሴ ሰርግና ምርቃት ላይ ፕሮጀክተር እያከራየሁ ነው የምተዳደረው። በናታችሁ ይቺን አውጡልኝ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ላሉ አዳራሾችና ዲጄዎች ነች።

ሰርግ ላይ ሌዘር ላይት መስቀል እየተለመደ መጥቷል፣ ያምራልም፣ ይቅር አልልም። ችግሩ ሌዘሩ መድረክ ላይ ሆኖ ወደ ሰዉ ይተኩሳል፣ ፕሮጀክተሩ ደግሞ ከኋላ ሆኖ ሌንሱን ወደ መድረኩ አዙሯል፣ ፊት ለፊት ተፋጠዋል ማለት ነው። ሌንስ ብርሃን ማውጣት ብቻ ሳይሆን የመጣበትንም ያስገባል። ሌዘር ደግሞ እንደ አምፖል ስለማይበተን ካዳራሹ ወዲያ ጫፍ መጥቶም ጉልበቱ ብዙ አይቀንስም፣ ሌንሱ ሰብስቦ ውስጥ ያለው ምስሉን የሚሠራው ቺፕ ላይ አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል፣ ልጆች ሆነን በማጉያ መነጽር ፀሐይ ሰብስበን ወረቀት እንደምናቃጥለው ማለት ነው። ዲኤልፒ የሚባለው ቺፕ በዓይን የማይለዩ ደቃቅ መስታወቶች የተደረደሩበት ነው፣ እነሱ አንዴ ከተቃጠሉ አለቀ፣ ኤልሲዲ የሚባለው ሌላው የፕሮጀክተር ዓይነትም ቢሆን አይተርፍም። ሌክቸር ላይ የሚያዘው ጠቋሚ ሌዘር እኮ ብዙ ጊዜ 5 ሚሊዋት ነው፣ 1 ዋት የሆነ የሰርግ ሌዘር የዛን 200 እጥፍ ነው፣ ከዛም በላይ የሆነ አለ።

ባለፈው ጥር አንድ አዳራሽ የሙሽሮቹን ፎቶ እያሳየን ሌዘሩ አንዴ ሌንሱን ጠርጎት አለፈ፣ ወዲያው የሙሽሪት ነጭ ቬሎ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ተደርድረው ታዩ። ዲጄው አብሽር ይጠፋል አለኝ። ሌንሱን ብወለውለው፣ አጥፍቼ ባበራው ወይ ፍንክች፣ ፎቶው ሲቀየርም ነጥቦቹ እዛው ናቸው። ባለሙያ ጋ ስወስደው ቺፕ ከምትቀይር ሌላ ግዛ አለኝ፣ ባለአዳራሹም ዲጄውም እኔን አይመለከተኝም ብለው አረፉት። ብዙ አምራቾች ደግሞ በሌዘር የመጣ ጉዳት ዋስትና ውስጥ አይገባም ነው የሚሉት።

ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ፕሮጀክተሩን ማጥፋት ያድናል ብሎ ነው። አያድንም፣ ቺፑ ጠፍቶም በርቶም እዛው ሌንሱ ጀርባ ነው ያለው። በሪሞት የሚዘጋው መዝጊያም ብዙ ማሽን ላይ በመብራቱ በኩል ስለሆነ ከውጭ የሚገባውን አይከለክልም። የሚያድነው ሌንሱን በክዳን መሸፈን ነው፣ እሱም መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ እየበራ ከሸፈናችሁት ክዳኑን ሊያቀልጠው ይችላል። ፎቶ እየታየ ደግሞ መሸፈን አይቻልም፣ ስለዚህ ያኔ ሌዘሩ ይጥፋ፣ አለቀ።

ዲጄዎች፣ ሶፍትዌር ያለው ሌዘር ከሆነ ጨረሩ የማይደርስበትን ቦታ መከለል ይቻላል፣ ከሌለው ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ ከፊቱ አስራችሁ በፕሮጀክተሩ በኩል ያለውን ጋርዱት። በግድግዳ መስታወትና በዲስኮ ኳስ ነጥሮ የሚመጣውንም እዩ። የቪዲዮ ካሜራና የስልክ ካሜራም እንደዚሁ ይቃጠላል፣ የሰው ዓይንም ሌንስ አለው፣ ከፊት ተደርድረው የሚጨፍሩት ደግሞ ህፃናት ናቸው።

ባለአዳራሾችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለሚያዝያ ሰርግ ውል ስታዋውሉ ሌዘሩ የሰው ፕሮጀክተር ወይ ካሜራ ካቃጠለ ማን እንደሚከፍል ጻፉበት፣ እንግዳ ሳይገባም ዲጄውና ፕሮጀክተር የያዘው ልጅ ሌንሱ ተከድኖ ሌዘሩን አብረው አብርተው የት የት እንደሚመታ ይዩት።